ምድጃ ውስጥ የሚቀረው ሠራተኛ

በላስቲክ ታሽጎ፣ ተቆራርጦ የሚሸጥ ዳቦ ከተጋገረ ሳምንት ቢሞላውም በጣት ሲጫኑት ይሰምጣል፤ ሲለቁት ይመለሳል። «መድኃኒት አብዝተውበት ነው» ይባላል። አባባሉ በየቤቱ ስለተደጋገመ እንደ እውነት ተቆጥሯል። ሻጋታን የሚከላከሉ ተጨማሪዎች እንዲህ ባለው ዳቦ ውስጥ መኖራቸው የተለመደ ነው፤ ዳቦውን ለስላሳ አድርገው የሚያቆዩት ግን እነርሱ አይደሉም። ልስላሴው በዋናነት የኢንዛይም ሥራ ነው። ኢንዛይሙም ዳቦው ገና ምድጃ ውስጥ ሳለ ድርሻውን ተወጥቶ፣ በዚያው ሙቀት ተበላሽቶ ቀርቷል።

ይህን ያህል ብዙ ገበታ ላይ ደርሶ ስሙ ይህን ያህል የማይነሣ ኢንዱስትሪ ማግኘት ያስቸግራል። አብዛኛው የአውሮፓ አይብ የሚረጋው፣ የፖም ጭማቂ የሚጠራው፣ የአጃ ወተት ስኳር ሳይገባበት የሚጣፍጠው፣ የአሜሪካ ለስላሳ መጠጥ የሚጣፈጥበት ሽሮፕ ከበቆሎ የሚወጣው በኢንዛይም ነው። በምግቡ ዝርዝር ላይ ግን ስሙ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። በብዙ አገር ሕግ ኢንዛይም የማምረቻ አጋዥ እንጂ የምግቡ ክፍል ሆኖ አይቆጠርምና።

መሠረቱን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ኢንዛይም ሕያዋን የሚሠሩት ፕሮቲን ነው፤ አንድን የተወሰነ ለውጥ ያፋጥናል፤ ሲያፋጥን ራሱ አያልቅም፤ ከልክ በላይ ሲሞቅ ቅርጹ ይፈርስና ሥራውን ያቆማል። እርሾ ነፍስ አለው፤ ኢንዛይም የለውም። ሁለቱን አንድ አድርጎ መጥራት የለመደ ሰው ይህቺን ቢይዝ የቀረው ሁሉ ይቀለዋል።

ጠላ የምትጠምቅ ሴት ኢንዛይም የሚለውን ስም ሳትሰማ ኢንዛይም ስታመርት ኖራለች። ገብሱን ወይም ስንዴውን ትነክራለች፣ በቅጠል ሸፍና ታጎነቁላለች፣ አድርቃ ትፈጨዋለች። እህሉ ሲያጎነቁል ለራሱ ቡቃያ ስንቅ የሚሆን ስኳር ከስታርቹ ለማውጣት ኢንዛይም ይሠራል፤ ጠማቂዋ ይህንኑ ስንቅ አውጪ ወስዳ የእንኩሮውን ስታርች ታስፈታበታለች። እ.ኤ.አ. በ1833 (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አንሰልም ፓየንና ዣን ፍራንሷ ፐርሶ የተባሉ ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ከብቅል ውኃ በአልኮል ለይተው ያወጡትና «ዲያስታስ» ያሉት ይኸው ነው። በሳይንስ ታሪክ ተለይቶ የወጣ የመጀመሪያው ኢንዛይም ብቅል ውስጥ ያለው ሆነ።

ከዚያ ወደ ንግድ ለመግባት ብዙ አልቆየም። በ1874 ክርስቲያን ሃንሰን የተባለ የዴንማርክ ፋርማሲስት ከጥጃ ጨጓራ ወተት የሚያረጋውን ኢንዛይም መጠኑ የታወቀ አድርጎ ለአይብ ሠሪዎች መሸጥ ጀመረ። በ1894 ደግሞ ጃፓናዊው ጆኪቺ ታካሚኔ በአሜሪካ የፓተንት መብት አገኘ፤ በአገሩ ሳኬና አኩሪ አተር ስጎ በሚሠራበት ሻጋታ የስንዴ ፉርሽካ ላይ ኢንዛይም ማምረት ችሎ ነበር። ታካሚኔ የተነሣው የውስኪ ጠማቂዎችን ብቅል ለመተካት ነበር። ኢሊኖይ ግዛት ፔዎሪያ ከተማ ውስጥ የጀመረው ሥራ ግን በብቅል ነጋዴዎች ተቃውሞና በቃጠሎ ተሰናከለ፤ ኢንዛይሙም በመጨረሻ የምግብ መፍጫ መድኃኒት ሆኖ ተሸጠ። ይህ ሰው በኋላ አድሬናሊንን ለይቶ ያወጣው ነው። ዋሽንግተንን በየፀደዩ የሚያስጌጡት የቼሪ ዛፎች ከጃፓን እንዲመጡ ከረዱትም አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከኢንዛይም ጋር ስሙ ብዙ አለመነሣቱ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ዳቦው።

ዳቦ የሚደርቀው ውኃው ስለሚተን ነው የሚለው እምነት እጅግ የተስፋፋ ነው፤ ስህተትም ነው። በ1852 ፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት ቡሲንጎ ዳቦን ውኃው እንዳይወጣ አድርጎ አሽጎ አስቀመጠው፤ ዳቦው ግን እንዲሁ ጠጠረ። ቡሲንጎ እንደገና እስከ 60 እና 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያሞቀው፣ ውኃ ሳይጨመርበት ለሰለሰ። ይህ ሙከራ ከተደረገ 170 ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ግን ሰው ያደረ ዳቦ ሲያይ «ውኃው አለቀ» ይላል።

የሚሆነው ይህ ነው። ስንዴ ውስጥ ያለው ስታርች በጥቃቅን ፍሬዎች ተጠቅጥቆ የተቀመጠ ነው። ሊጡ ምድጃ ገብቶ ሙቀቱ 60 ዲግሪን ሲያልፍ ፍሬዎቹ ውኃ ጠጥተው ያብጣሉ፣ ሥርዓታቸው ይፈርሳል፣ ዳቦውም ለስላሳ ይሆናል። ዳቦው ሲበርድ ግን የስታርቹ ቅርንጫፎች ቀስ በቀስ እየተፈላለጉ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፣ ይጠጥራሉ፣ ክሪስታል ይሠራሉ። ያ ጥንካሬ ነው በማግስቱ ጥርስ ላይ የሚሰማው። ውኃው አለ፤ ግማሹ ከስታርቹ ክሪስታል ጋር ታስሯል፣ ግማሹ ወደ ቅርፊቱ ሄዷል። ለዚህም ነው ትናንት ይንኮሻኮሽ የነበረው ቅርፊት ዛሬ እንደ ቆዳ የሚለጠጠው።

ሆላንዳዊው ተመራማሪ ካትዝ በ1910ዎቹ ይህን ጉዳይ የመረመረበት ምክንያት ሊወሳ ይገባዋል። ዳቦ ጋጋሪዎች ሌሊቱን ሙሉ የሚሠሩት ሕዝቡ ጠዋት ትኩስ ዳቦ ስለሚፈልግ ነው፤ ዳቦው ሳይጠጥር ቢያድር የሌሊቱ ሥራ ሊቀር ይችላል የሚል ሐሳብ በጊዜው ክርክር አስነሥቶ ነበር። ካትዝ ጥናቱን ያያያዘው ከዚሁ ከጋጋሪዎች የሌሊት ሥራ ጥያቄ ጋር ነው። በኋላም በኤክስሬይ የስታርቹን ክሪስታል አሳየ። ስለ ዳቦ ልስላሴ ሲነገር የሠራተኛ እንቅልፍም አብሮ እንደተነሣ ማወቅ፣ ነገሩን ከቅንጦት ጥያቄ በላይ ያደርገዋል።

የመጠጠሩን ችግር የሚፈታ ኢንዛይም ማግኘት ለምን ዘመናት ወሰደ? የሙቀት ጉዳይ ነው። ኢንዛይም ስታርችን በደንብ የሚያገኘው ፍሬዎቹ ካበጡ በኋላ ነው፤ ማለትም ከ60 ዲግሪ በላይ። ከሻጋታ የሚወጣው አሚላዝ (ስታርችን የሚቆርጥ ኢንዛይም) በዚያው አካባቢ ስለሚበላሽ ለሊጡ ይጠቅማል እንጂ ለማግስቱ ብዙ አያደርግም። ከአንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚወጣው አሚላዝ ደግሞ በተቃራኒው ሙቀት ይችላል፤ ዳቦው ከምድጃ ከወጣ በኋላም ስታርቹን መቁረጥ ይቀጥላል፤ ዳቦው ውስጡ ሙጫ ይሆናል፣ ቢላ ላይ ይጣበቃል። የሚያስፈልገው ከሁለቱ መካከል ያለ፣ ስታርቹ ሲያብጥ የሚሠራ፣ የዳቦው ውስጥ 95 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ደግሞ ሥራውን የሚያቆም ነበር።

የዴንማርኩ ኩባንያ ኖቮ ይህን ያገኘው ሙቀት ወዳድ በሆነ ባክቴሪያ ውስጥ ነው። ኢንዛይሙ ማልቶጀኒክ አሚላዝ ይባላል፤ በ1990ዎቹ «ኖቫሚል» በሚል ስም ወደ ዳቦ ፋብሪካዎች ገባ። ረጅሙን የስታርች ሰንሰለት ከመሃል እምብዛም አይበጥሰውም፤ በዋናነት የቅርንጫፎቹን ጫፍ ያሳጥራል። ጸጉር በጣም ካጠረ ሹሩባ እንደማይያዝ፣ ጫፋቸው ያጠረ ቅርንጫፎችም እርስ በርስ ተጠላልፈው አይጠጥሩም። የስታርቹ ሰንሰለት ብዙም ስላልተበጠሰ ዳቦው ሙጫ አይሆንም፤ ሲጫኑት ይመለሳል። ከምድጃ ሲወጣ ኢንዛይሙ አይሠራም፤ የሠራው ግን ለሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል።

የምግብ ኢንዛይም ገበያ ያደገበት ትልቁ ምክንያት እዚህ ላይ ይታያል። ፋብሪካው የገዛው ጊዜ ነው። ዳቦ በየቀኑ ለየሱቁ ማመላለስ ቀርቶ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ማድረስ ይቻላል፤ ሳይሸጥ የሚመለሰው ይቀንሳል፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ዳቦ ሩቅ ከተማ ይደርሳል። ስለ ኢንዛይም ገበያ በሚጻፉ የንግድ ዘገባዎች ላይ ይህ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ መጽሐፍ ሊጻፍበት ሲገባ።

ከዚሁ ጋር አንድ ወቀሳ ይከተላል። ዳቦን ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ዳቦውን ፈጥኖ እያስረጀው ነው። ስታርች እንደገና የሚጠጥረው ከበረዶ ነጥብ ትንሽ ከፍ ባለ ቅዝቃዜ በጣም ፈጥኖ ነው፤ የፍሪጅ ቅዝቃዜ ማለት ያ ነው። ፍሪጅ ሻጋታን ያዘገያል፣ ጥጥረቱን ግን ያፋጥናል። ለሁለትና ሦስት ቀን ከሆነ ጨርቅ ወይም ላስቲክ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ለረጅም ጊዜ ከሆነ ፍሪዘር ይግባ። በዋሽንግተንና በአካባቢው እንጀራ በብዛት ገዝተው የሚያስቀምጡ ኢትዮጵያውያን ፍሪዘርን የመረጡት በልምድ ነው፤ ትክክልም ናቸው። የእንጀራም ስታርች እንዲሁ ይጠጥራል፤ የማሽላ እንጀራ በማግስቱ ሲሰባበር የጤፉ ግን ተጠቅልሎ የሚበላው፣ የጤፍ ስታርች ቀስ ብሎ ስለሚጠጥርም ጭምር ነው። አብሲት የምትጥል ሴትም ከሊጡ ከፍላ ስትቀቅል፣ ለኢንዛይም የሚመች ያበጠ ስታርች ወደ ቡሖው እየመለሰች ነው።

ሌላው ወቀሳ ለጋጋሪዎች ነው። በአዲስ አበባ አንድ አነስተኛ ዳቦ ቤት ውስጥ ጋጋሪው ይህን ጸሐፊ ወደ ጓዳ ጠርቶ የተቆረጠ ዳቦ አሳየው፤ ውስጡ እርጥብ፣ ቢላው ላይ የሚቀር። ዱቄቱን ተጠራጥሯል፣ እርሾውን ቀይሯል። የሊጥ ማሻሻያው ከረጢት ላይ መጠኑ ተጽፏል። «ስንት ግራም ትጨምራለህ?» ሲባል «ኧረ በእፍኝ ነው፤ እንዲያምር ብዬ ደግሞ ትንሽ አከልኩበት» አለ። ከአንዳንድ ኢንዛይሞች ለ100 ኪሎ ዱቄት የሚበቃው ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ማሻሻያው ውስጥ ኢንዛይም አለ፤ ዱቄት ፋብሪካውም ቀድሞ ጨምሮበት ሊሆን ይችላል። በዚህ ሥራ ላይ የሚገኝ ሰው ትንሽዬ የዲጂታል ሚዛን የሌለው መሆኑ ይቅር የሚባል አይደለም፤ ሚዛኑ ከአንድ ቀን ብልሽት ያነሰ ዋጋ ያወጣል።

ዱቄቱ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ስንዴ ሊታጨድ ሲል ያለወቅቱ ዝናብ ከመጣ፣ በአርሲና በባሌ ደጋ ገበሬዎች እንደሚያውቁት፣ እህሉ በዛላው ላይ እያለ ያጎነቁላል። ያኔ እያንዳንዱ ፍሬ ትንሽ ብቅል ሆኗል ማለት ነው። ስዊድናውያኑ ሃግበርግና ፐርተን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ይህን የሚለካ ቀላል ዘዴ አወጡ። ዱቄትና ውኃ ቱቦ ውስጥ ተደርጎ የፈላ ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ ይማሰላል፣ ከዚያ ማማሰያው በገዛ ክብደቱ እስኪወርድ ሰከንዱ ይቆጠራል። 250 ሰከንድ አካባቢ ከሆነ ለዳቦ ደህና ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ስታርቹ እየተበላ ነው፤ ዳቦው ሙጫ ይሆናል። በጣም ከበለጠ ኢንዛይሙ ያንሳል፤ እርሾው ምግብ ያጣል፣ ዳቦው አይነፋም፣ ቅርፊቱም ሳይቀላ ይቀራል። በደረቅ አየር የሚታጨድ ስንዴ ብዙ ጊዜ ይህ ሁለተኛው ስለሆነ ነው ዱቄት ፋብሪካዎች ኢንዛይም የሚጨምሩት።

ኢንዛይም ከዳቦ ቤት ያስወጣው ነገርም አለ፤ ፖታሲየም ብሮሜት። ለሊጥ ጥንካሬ የሚጨመር የነበረው ይህ ኬሚካል በእንስሳት ላይ ካንሰር ማምጣቱ ታወቀ። ብሪታንያ በ1990 ከለከለችው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1999 ለሰው ልጅ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚላቸው መደበው፤ ህንድ በ2016 ከለከለች። ቦታውን ከቪታሚን ሲ ጋር ሆነው የያዙት ግሉኮስ ኦክሲዴዝና ዛይላኔዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። «ኢንዛይም የገባበት» ሲባል የሚደነግጥ ሰው ኢንዛይሙ የተካውን ነገር ቢያውቅ ድንጋጤው አቅጣጫ ይቀይር ነበር።

ከዳቦው ውጭ ያለው በጥቂቱ ይነገር። አይብ ማርጊያው ከጥጃ ጨጓራ ይመጣ ነበርና አይብ ፈላጊ እየበዛ ሲሄድ ጥጃው አልበቃም። በ1990 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የጥጃውን ዘረመል በተቀበለ ባክቴሪያ የተመረተውን፣ ካይሞሲን የተባለውን አይብ ማርጊያ ፈቀደ። በዘረመል ምሕንድስና ተሠርቶ ለምግብ ሥራ እንዲውል በዚያ አገር የተፈቀደ የመጀመሪያው ነገር እርሱ ነው። ዛሬ እዚያ ከሚሠራው አይብ እጅግ የሚበዛው በዚህ መንገድ በተገኘ ካይሞሲን የሚረጋ ነው። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች፣ እንዲሁም የሐላልና የኮሸር ሥርዓት የሚከተሉ ብዙዎች ይህን መርጠውታል። የኢትዮጵያ አይብ ይህ ጭንቀት ኖሮበት አያውቅም፤ አሬራው በእሳት ላይ በኮምጣጣነቱ ይለያል፣ የጥጃ ጨጓራ አይጠይቅም።

ወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የሚፈታው ላክቴዝ ደግሞ ከገበያው ፈጣን አዳጊዎች አንዱ ነው። ከዓለም አዋቂዎች ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ላክቶስን በደንብ አይፈጩም። ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋቂነት ወተት የመፍጨት ችሎታ የሚሰጡ የዘረመል ለውጦች ከአንድ በላይ ሆነው ተገኝተዋል፤ የአርብቶ አደሩ ሕዝብ የወተት ታሪክ በደሙ ተጽፏል ማለት ነው። ችሎታው ለሌለው ሰው ፋብሪካው ላክቴዙን ወተቱ ውስጥ ይጨምርለታል። ላክቶሱ ወደ ግሉኮስና ጋላክቶስ ሲከፈል ወተቱ ይጣፍጣል፤ ስለዚህ ጣዕም የሚገባበት እርጎ የሚሠሩ ፋብሪካዎች በኢንዛይሙ ምክንያት የሚጨምሩትን ስኳር ይቀንሳሉ። ስኳር የመቀነሱ ግፊት በየአገሩ እየበረታ ሲሄድ ላክቴዝ ፈላጊው ይበዛል።

የድንቹም ጉዳይ አለ። በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች ስታርች የበዛበት ምግብ በከፍተኛ ሙቀት ሲጠበስና ሲጋገር አክሪላማይድ የተባለ ጎጂ ነገር እንደሚፈጠር አስታወቁ። መነሻው አስፓራጂን የሚባል አሚኖ አሲድ ስለሆነ፣ እርሱን ከመጥበሱ በፊት የሚቀይር ኢንዛይም በ2007 ገበያ ላይ ዋለ። ከግኝት ወደ መፍትሔ አምስት ዓመት። በምግብ ኢንዱስትሪ ውስጥ ይህ ፍጥነት ብርቅ ነው።

ኢንዛይምን የማሻሻሉ ሥራም በላቦራቶሪው ፈጥኗል። ተመራማሪዋ ፍራንሲስ አርኖልድ በ1990ዎቹ የጀመረችው ዘዴ የኢንዛይሙን ዘረመል በዘፈቀደ እየለወጡ የተሻለውን እየመረጡ መቀጠል ነው፤ በ2018 የኬሚስትሪ ኖቤል አስገኝቶላታል። ሙቀት የሚችል፣ አሲድ የሚችል፣ በቀዝቃዛ ወተት የሚሠራ ኢንዛይም በተፈጥሮ እስኪገኝ መጠበቅ ቀርቷል። ማምረቱ የሚካሄደው ግዙፍ የማብላያ ታንከሮች ውስጥ ሻጋታና ባክቴሪያ እያራቡ ነው። የዴንማርኳ ካሉንድቦርግ ከተማ በዚህ ትታወቃለች፤ ኢንዛይሙ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው አተላ ለአካባቢው ገበሬዎች ማዳበሪያ ይሆናል።

የገበያው ባለቤቶች ጥቂት ኩባንያዎች ናቸው፤ እየተዋሃዱም ነው። ዱፖንት በ2011 ዳኒስኮን ከነኢንዛይም ክፍሉ በ6.3 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ይኸው ክፍል በ2021 ወደ አይ.ኤፍ.ኤፍ. ተዛወረ። በጥር 2024 ደግሞ ከኖቮ የወጣው ኖቮዛይምስና ያ የ1874ቱ የክርስቲያን ሃንሰን ኩባንያ ተዋህደው ኖቮኔሲስ ሆኑ። የአውሮፓ ኮሚሽን ውህደቱን ሲፈቅድ ሁለቱም ላክቴዝ አምራቾች ስለነበሩ ውድድሩ እንዳይጠፋ የሚል ሥጋት ነበረው፤ ከላክቴዝ ሥራቸው የተከፈለውን የአየርላንዱ ኩባንያ ኬሪ በ150 ሚሊዮን ዩሮ ገዛው። ለአንዲት ወተት አጣፋጭ ፕሮቲን ሲባል አህጉራዊ ኮሚሽን ሁኔታ ማስቀመጡ የኢንዱስትሪውን ክብደት ያሳያል። ሕጉ ግን ከገበያው ኋላ ቀርቷል። አውሮፓ በ2008 የምግብ ኢንዛይም ደንብ አውጥታ፣ አምራቾች እስከ መጋቢት 2015 ማመልከቻ እንዲያስገቡ አድርጋ፣ ወደ 300 የሚጠጉ ፋይሎችን የደኅንነት ባለሥልጣኗ አንድ በአንድ ሲመረምር ዓመታት ነጉደዋል። ይህ መዘግየት ለሸማቹም ለአምራቹም አይበጅም።

በዚህ ሁሉ መካከል ችላ የተባለው ሰው ሊጡን የሚያቦካው ነው። ኢንዛይም ሲበላ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል፤ ብናኙ በአፍንጫ ሲሳብ ግን አለርጂና አስም ሊያመጣ ይችላል። የሳሙና ፋብሪካዎች ይህን በ1960ዎቹ መጨረሻ ሠራተኞቻቸው ሲታመሙ ተማሩና ኢንዛይሙን በሽፋን ጠቅልለው በእንክብል መልክ ማዘጋጀት ጀመሩ። ዳቦ ቤት ውስጥ ግን ዛሬም ከረጢቱ ከከፍታ ይገለበጣል፣ ብናኙ ይነሣል፣ ወለሉ በደረቁ ይጠረጋል። ማሻሻያው ከማቦኪያው አጠገብ ዝቅ ተደርጎ ይፍሰስ፤ ማቦኪያው ሲጀምር በዝግታ ይዙር፣ ክዳን ካለውም ይከደን፤ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳ፤ የሚመዝነው ሰው የአቧራ ጭንብል ያድርግ። አቅራቢውም ቢሆን በእንክብል ወይም በፈሳሽ መልክ የተዘጋጀ ኢንዛይም ካለው ሊጠየቅ ይገባል፤ ሁለቱም ገበያ ላይ አሉ።